ወደ ቦርከና የሚለቀቅ ፍሳሽ፦ ዓለም አቀፍ ሕግ ለሰው፣ ለከብትና ለዓሣ የት ድረስ ይደርሳል?

ሀረጎ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከኮምቦልቻ በታች፣ በቃሉ ወረዳ በኩል፣ የቦርከናን ወንዝ ጠልፈው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ፣ ከብቶቻቸውንም እዚያው የሚያጠጡ አርሶ አደሮች በማኅበር ሆነው አቤቱታ ሊያቀርቡ ነው። በበጋ ውኃው ቀለሙን ይቀይራል፣ ዓሣ ሞቶ ይንሳፈፋል፣ ከብት ይታመማል ይላሉ፤ ምክንያቱ የፋብሪካ ፍሳሽ ነው ብለው ያምናሉ። ረቂቁ ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት በብዛት ተደርድሯል፦ የብዝኃ ሕይወት ኮንቬንሽን፣ ሳይተስ፣ ባዝል፣ ስቶክሆልም፣ ሮተርዳም፣ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር። ስለ ውኃው የተጻፈው ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ከእነዚህ ስምምነቶች ውስጥ ደሴ ላይ ዳኛ ፊት የሚሠራው የትኛው ነው? ለእንስሳቱ በራሳቸው ጥበቃ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሕግስ አለ ወይስ ሁሉም በሰው በኩል የሚያልፍ ነው? ናሙናውስ እንዴት ቢወሰድ ነው ኋላ «ይኼ ማስረጃ አይሆንም» የማይባለው?

ጦሳ ሥር፦

ወንድሜ ሀረጎ፣ መጀመሪያ ሳይተስን፣ ሮተርዳምንና ባዝልን ሰርዟቸው። ሳይተስ የሚመለከተው የመጥፋት አደጋ ያሰጋቸው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ድንበር ተሻግረው ሲነገድባቸው ነው። ሮተርዳም በአገሮች መካከል የሚካሄደውን የአደገኛ ኬሚካልና የፀረ ተባይ ንግድ ይገዛል። የባዝል ዋና ጉዳይ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲጓጓዝ ነው። ስቶክሆልም የሚነሳው ናሙናው ውስጥ እንደ ዲዲቲ ያለ በስምምነቱ የተዘረዘረ ኬሚካል ከተገኘ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ተለቆ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርድ ፍሳሽ እነዚህ ውስጥ አይገባም። የተከሳሽ ጠበቃ መልስ ሲጽፍ ቀድሞ የሚይዘው ደግሞ ደካማውን ጥቅስ ነው፤ እሱን ከጣለ በኋላ ጠንካራው ጥቅስም አብሮ የወደቀ ይመስላል።

የብዝኃ ሕይወት ኮንቬንሽን ይቆይ፣ ግን በልኩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 8 የሕያዋንን መኖሪያና ሥነ ምኅዳሩን መጠበቅን፣ አንቀጽ 14 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ይደነግጋል። ሁለቱም ግን ግዴታውን «በተቻለ መጠንና አግባብ ሆኖ ሲገኝ» በሚል ሐረግ አላልተውታል። በእሱ ብቻ ፋብሪካ ከስሶ ማስፈረድ አይታሰብም። የአገር ውስጡ አዋጅ ሰፋ ተደርጎ እንዲተረጎም ለማገዝ ግን ይጠቅማል።

አሁን ስምምነት ወደ ፍርድ ቤት ወደሚገባበት በር እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። በተግባር የሚያስቸግረው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው «ስምምነቱ ጸድቋል» የሚለው አጭር አዋጅ እንጂ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አለመሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ፍርድ ቤቶች ማስረጃ ሳይጠይቁ የሚቀበሉት ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ ሕግን ነው። ስለዚህ ዳኛው እጁ ላይ የሌለ ጽሑፍ ይጠቀስለታል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የምትጠቅሱትን አንቀጽ ሙሉ ቃል በአማርኛ ተርጉማችሁ፣ የማጽደቂያ አዋጁን አባሪ አድርጋችሁ አያይዙ። «ስምምነት በቀጥታ አይሠራም» ከተባለ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3ን መሠረት አድርጎ መወሰኑን አሳዩ። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ከዚያ አንቀጽ 13(2) አለ። በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉት መብቶች ሲተረጎሙ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው የሰብዓዊ መብት ስምምነቶች ጋር መጣጣም አለባቸው። እናንተን የሚመለከቱት አንቀጽ 15፣ በሕይወት የመኖር መብት፣ እና አንቀጽ 44፣ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ናቸው። እዚህ ላይ የምታያይዙት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በፓራጓይ ላይ የሰጠው ውሳኔ ከእናንተ ጉዳይ ጋር በጣም ይቀራረባል። ትልልቅ የአኩሪ አተር እርሻዎች በሚረጩት ኬሚካል አንድ ገበሬ ሞተ፣ ሌሎች ታመሙ፣ የገበሬዎቹ ሰብል፣ ከብትና ዓሣ የሚያጠምዱበት ውኃም ተጎዳ። ኮሚቴው መንግሥት የራሱን የአካባቢ ሕግ ሳያስከብር በመቅረቱ በሕይወት የመኖር መብት ተጥሷል አለ። ሰብሉን፣ ከብቱንና ውኃውን ደግሞ ኑሯቸው የተመሠረተባቸው የቤታቸው አካል ናቸው ብሎ በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 17 (የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት መብት) ጥበቃ ሥር አስገባቸው። ይህን አንድ ውሳኔ በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ ብታቀርቡ ከአምስት ስምምነት ስም ይበልጣል።

የእንስሳቱን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ። የእንስሳትን ደኅንነት በአጠቃላይ የሚደነግግ፣ አገሮች ሁሉ የሚገዙበት ስምምነት እስካሁን የለም። ዓለም አቀፉ ሕግ እንስሳን የሚያገኘው ወይ በዝርያ ዝርዝር፣ ወይ በመኖሪያው፣ ወይ በባለቤቱ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘዋዋሪ የዱር እንስሳት ኮንቬንሽንና የአፍሪካና የዩሬዥያ ተዘዋዋሪ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። ጨፋ ረግረግ ላይ በዝርዝሩ ያሉ ወፎች እንደሚያርፉ በባለሙያ የተያዘ መዝገብ ካላችሁ እነዚህን ጥቀሱ፤ መዝገብ ከሌለ ተዉት። ላምና በግ ግን በየትኛውም ዝርዝር የሉም። የሚጠበቁት እንደ ንብረትና እንደ መተዳደሪያ ነው፤ ይህን የሕግ ጉድለት ማንም የተከራከረበት ሰው ያውቀዋል፣ ያሳዝናልም።

የክሱ ሞተር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የራሱን ጥቅም ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ከሳሽ በጉዳዩ ጥቅም እንዳለው እንዲያሳይ ስለሚጠይቅ መዝገብ ሲከፈት ጥያቄ ይነሳል። በክሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ይህ ክስ የቀረበው በአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ሰው የሚሸነፈው ግን በቀን ነው። አቤቱታው ለጸሐፊ ተሰጥቶ «እናየዋለን» ይባላል፤ ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር የለም፤ 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አይቻልም። ወይም በሁለተኛው ወር «ኮሚቴ ተቋቁሟል» ይባልና ሲጠበቅ 60ው ቀን ያልፋል። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቁጥር አስመቱ። ለክልሉ ስታስገቡ ለፌዴራሉ ግልባጭ አድርጉ፤ ቦርከና መጨረሻው አዋሽ ስለሆነ ጉዳዩ ከክልሉ ያልፋል። የካሳ ጥያቄ ደግሞ የራሱ ይርጋ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። የሞተው ከብት የሞተበት ቀን ይጻፍ።

ስለ ናሙና አወሳሰድ።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሚቆመው በውኃው ውጤት ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርግ።

ቦርከና ኮምቦልቻ ሲደርስ ንጹሕ አይደለም፤ ደሴን አቋርጦ ነው የሚወርደው። ከኮምቦልቻ በታች ብቻ ለክታችሁ ብታቀርቡ «ይህ የደሴ ከተማ ቆሻሻ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፣ መልሱም ትክክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አምስት ቦታ ያስፈልጋል፦ ቦርከና ከደሴ በታች ከኮምቦልቻ በላይ፤ ፍሳሽ የሚቀበሉት እንደ ለዮሌና ወርቃ ያሉት ገባር ወንዞች ከፋብሪካዎቹ በላይ፤ ቱቦው ወንዙን የሚገናኝበት አፍ፤ ከተቀላቀለ በኋላ ያለው ቦታ፤ የአርሶ አደሮቹ መጥለፊያ። «ተቀላቅሏል» የሚባለው የት እንደሆነ በግምት አይወሰንም። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይዛችሁ በግራ ዳር፣ በመሐልና በቀኝ ዳር ለኩ፤ ሦስቱ ቁጥር ሲቀራረብ ተቀላቅሏል። መውሰድ የሚጀመረው ከታችኛው ቦታ ነው፣ ወደ ላይ እየወጡ፤ ያለዚያ ራሳችሁ ያደፈረሳችሁት ጭቃ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ፊታችሁን ወደ ወንዙ መምጫ አዙራችሁ ቁሙ።

በሃይላንድ አትውሰዱ። ቤተ ሙከራው ያዘጋጀውን ጠርሙስ ተቀበሉ። ለብረታ ብረት በአሲድ የታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ናሙናው ከገባ በኋላ በ1 ሊትር ወደ 2 ሚሊ ሊትር ንጹሕና ያልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ይወርዳል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። በውኃው የሟሟውን ብረት ብቻ ከፈለጋችሁ አሲድ ከመጨመሩ በፊት በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ በደለል ላይ የተጣበቀውን ብረት ያሟሟውና ውጤቱ ከእውነቱ ይገዝፋል። ይበልጥ መርዛማ ለሆነው ለስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ደግሞ ናይትሪክ አሲድ ጨርሶ አይጨመርም፤ ወደ ሦስት ቫለንስ ይቀየርና «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይመጣላችኋል። ቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ መለካት አለበት።

ለቢኦዲ (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚፈጁት ኦክሲጅን መጠን) የሚወሰደው ናሙና በ4 ዲግሪ፣ በጨለማ፣ በበረዶ ሳጥን ይጓዛል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ናሙናው አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ጠዋት ወስዶ ማሳደር ትርጉም የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ወስዳችሁ በማግሥቱ ንጋት በሚነሳው መኪና ላኩ። ዓርብ አትላኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ሙከራ ደጃፍ ላይ ይበላሻል።

ፒኤች፣ ሙቀትና የሟሟ ኦክሲጅን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ። ኦክሲጅን ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ከባሕር ወለል ሠንጠረዥ ጋር ማነጻጸር ነው። 20 ዲግሪ ላይ በባሕር ወለል ሙሉው መጠን በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ በ1,850 ሜትር ግድም ባለችው ኮምቦልቻ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ወደ 7.3 ይወርዳል። ስለዚህ 7 ማለት እዚህ ጥሩ ውኃ ነው። ሁለተኛው እኩለ ቀን ላይ መለካት ነው። አልጌ በፀሐይ ኦክሲጅን ያመነጫል፤ ዓሣ የሚታፈነው ጎሕ ሳይቀድ ነው። መለኪያውን ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም ያዙ።

ፍሳሽ በተለያየ ሰዓት ይለቀቃል፣ ሌሊትም ጭምር። አንድ ጊዜ የተቀዳ ጠርሙስ የዚያን ደቂቃ ብቻ ይናገራል። በየሁለት ሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር እየቀዳችሁ፣ እያቀዘቀዛችሁ፣ ለ24 ሰዓት አጠራቅሙ፤ 2.4 ሊትር ይወጣዋል። ወቅቱ ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ይሁን። የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ከጀመረ ውኃው ይቀጥናል፣ ደለሉም ይታጠባል።

ደለሉን አትርሱ። ከቆዳ ሥራ የሚወጣ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ፒኤቹ ወደ 7 እና 8 ሲጠጋ ይረጋና ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ውኃው ንጹሕ መስሎ ጭቃው የተጫነ ሊሆን ይችላል። ከላይ ካለው ለስላሳ ደለል ወስዳችሁ ከ63 ማይክሮን በታች ያለው ይለካ፤ ከላይኛው ቦታ የተወሰደውም በዚያው ወንፊት ይለፍ።

ቁጥሩ ሲመጣ ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩ እወቁ። ከቱቦ የወጣን ፍሳሽ ከመጠጥ ውኃ ደረጃ ጋር ማነጻጸር ክሱን ያዋርደዋል። ፍሳሹ ከየዘርፉ የፍሳሽ ገደብ ጋር ይታያል፤ ለቆዳ፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለቢራ ገደቡ ይለያያል። ወንዙ ግን እንደ አገልግሎቱ ነው። ለጠቅላላ ክሮሚየም የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ መመሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም፣ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ 0.1፣ ለከብት መጠጥ 1.0 ነው። አርሶ አደሮቹ ከወንዙ የሚጠጡም ከሆነ ይህ በቃለ መሐላ ይጻፍ፤ የትኛው ገደብ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው።

በመጨረሻ፣ ወደ ፋብሪካ ግቢ አትግቡ። ከአጥር ውጭ ካለው ወንዝ ውሰዱ፣ የቀበሌ ሰው ይገኝና ይፈርም፣ ጠርሙሱ ይታሸግ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስም፣ ሰዓትና ፊርማ ያለው ቅጽ አብሮ ይሂድ። አንድ ጠርሙስ የተጣራ ውኃ ይዛችሁ ወንዙ ዳር ክፈቱና እንደ ሌሎቹ አሽጉ፤ ጠርሙሱ ራሱ አለመበከሉን የሚያሳየው እሱ ነው። በአዋጅ 300 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ግን ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። አቤቱታው ላይ ይህ እንዲደረግ በግልጽ ጠይቁ፤ ናሙናው ለሁለት እንዲከፈልም።

ገራዶ፦

ስለ ከብቱ። ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከፈሰሰ ማንም አይክፈተው፣ አይግፈፈው፣ ሥጋውን አይንካ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም ይገድላል። የወረዳው እንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ሌላ ሞት ከሆነ ሐኪሙ ከጉበትና ከኩላሊት ከእያንዳንዱ 100 ግራም ያህል በተለያየ ንጹሕ ከረጢት፣ ከትልቁ ጨጓራ ይዘት ግማሽ ኪሎ ይወስዳል፤ ለመርዝ ምርመራ የሚሄደው በረዶ ሆኖ እንጂ በፎርማሊን አይደለም። ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልወፈረ ቁራጭ፣ ዐሥር እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ከተምታቱ ሁለቱም ይባክናሉ።

ተከሳሽ የሚያነሳውን ከወዲሁ አስቡ። ረግረግ ላይ የሚግጥ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ መክሳቱና ተቅማጡ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጉበቱ ተከፍቶ ትል መኖር አለመኖሩ በሐኪሙ ሪፖርት ይጻፍ። በሕይወት ካሉት ደግሞ ከቦርከና ከሚጠጡት አምስት፣ ከሌላ ምንጭ ከሚጠጡ የአንድ አካባቢ ከብቶች አምስት ደም ይወሰድ። ንጽጽር የሌለው ውጤት ጥርጣሬ ያስነሳል እንጂ አያስረዳም። ዓሣ ከሆነ ሞቶ ያደረው አይጠቅምም፤ እያጣጣረ ያለውን ይዛችሁ በበረዶ አድርጉት፣ በዚያው ሰዓት ውኃውም ይቀዳ።

ሀረጎ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስቱ ስምምነቶች ይወጣሉ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማኅበሩ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ወንዙ ራሱ እንደ ሰው ከሳሽ ይሁን ይላሉ፣ ውጭ አገር ተደርጓል ብለው። ደግሞ እዚህ ካልተሳካ በቀጥታ ወደ አፍሪካ ኮሚሽን ወይም ወደ ተባበሩት መንግሥታት መሄድ ይቻላል?

ጦሳ ሥር፦

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የዋንጋኑይን ወንዝ በሕግ ሰውነት ሰጥታዋለች፤ እውነት ነው። ግን ያ የኒውዚላንድ ፓርላማ ሕግ እንጂ ዓለም አቀፍ ስምምነት አይደለም፣ እዚህ የሚያስገድደው ሰው የለም። የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንም ሰው ስለ ወንዙ መክሰስ እንዲችል ስለፈቀደ ሐሳቡን ግማሽ መንገድ ይወስደዋል። ከሳሹ ማኅበሩ ይሁን።

ሌላም ማስጠንቀቂያ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2022 ንጹሕ፣ ጤናማና ዘላቂ አካባቢን ሰብዓዊ መብት ብሎ በ161 ድምፅ ውሳኔ አሳልፏል። «ኢትዮጵያም የደገፈችው» ብለው የሚጽፉ አሉ። ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት ስምንት አገሮች አንዷ ናት። ውሳኔው ራሱም አስገዳጅ ውል አይደለም። የእኛ አንቀጽ 44 ከእሱ ይጠነክራል፤ ከ1987 ጀምሮ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት ነው።

ወደ ውጭ ስለመሄድ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ የግለሰብ አቤቱታ አይቀበላችሁም፣ ኢትዮጵያ ያንን የሚፈቅደውን ፕሮቶኮል አልተቀበለችም። የአፍሪካ ፍርድ ቤትም እንዲሁ። ክፍት የሆነው ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው፤ ኢትዮጵያ ቻርተሩን እ.ኤ.አ. በ1998 ተቀብላለች። አንቀጽ 24 ሕዝቦች ለዕድገታቸው የሚስማማ አካባቢ ይኑራቸው ይላል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ናይጄሪያ ኦጎኒ ሕዝብ በአቤቱታ ቁጥር 155/96 በሰጠው ውሳኔ ይህን አንቀጽ ከጤና መብት ጋር አያይዞ፣ መንግሥት ብክለትን የመከታተል፣ ተፅዕኖን የማስጠናትና ለነዋሪው መረጃ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት አስቀምጧል። በሩ የሚከፈተው ግን በአንቀጽ 56 ነው። የአገር ውስጥ መፍትሔ ተሟጦ ወይም ያለ አግባብ ተጓትቶ መታየት አለበት፤ አቤቱታው በሚዲያ ዜና ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም፤ መንግሥትን የሚሰድብ ቃል ከያዘም አይታይም። ስለዚህ እዚህ የምታስመቱት የመዝገብ ቤት ማኅተም ሁሉ ለባንጁልም ያገለግላል።

የአገር ውስጡን ሳትጨርሱ መጻፍ የምትችሉት ለተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች፣ ማለትም የሰብዓዊ መብት ጉዳዮችን ለሚከታተሉ ገለልተኛ ባለሙያዎች ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓንሽ ይጻፋል። ደብዳቤው ለመንግሥት ስለሚላክና ኋላም ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን፣ ስሙ እንዲጠቀስ የፈቀደና ያልፈቀደ አርሶ አደር ተለይቶ በየግሉ ይፈርም። ማኅበሩ በጅምላ መፍቀድ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይህን ሳምንት የሚሠራ አንድ ደብዳቤ አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሪፖርቶች ለሕዝብ ክፍት መሆን አለባቸው ይላል። የፋብሪካዎቹን ጥናትና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያቀረቡትን የፍሳሽ ክትትል ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁ። ጥናቱ ላይ ፍሳሹ በምን እንደሚጣራና ስንት ላይ እንደሚወርድ ቃል ተገብቷል። የናሙናችሁን ቁጥር ከዚያ ቃል አጠገብ ስታስቀምጡት ዳኛው ኬሚስት መሆን አይጠበቅበትም።